አፈር ነበር የምጭነው

(አንዲት አባላችን በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ያደረገችው ንግግር)



ኮሚቴው ስለ አበባ ተናገሪ ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ጎንበስ ብዬ ስኮተኩት የምውል ሰው ነኝ፣ ቆሞ መናገር አልለመደብኝም። በኋላ ግን ለዘንድሮ የታሰበውን ሰማሁ። ተዘዋዋሪ ብድሩ ለሁሉም አባል ለአበባ ልማት ይሰጥ የሚል ሐሳብ አለ፤ መነሻውም የእኔ ጓሮ ነው ተብሏል። እንግዲያው ያ ጓሮ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳከሰረ ሳትሰሙ እጃችሁን እንዳታወጡ ብዬ ነው የተነሣሁት።

አበባ መሸጥ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ካለነው መካከል ልጅ ሆና አደይ አበባና እንግጫ ይዛ አበባየሆሽ ያልዞረች ማን አለች? ያ የመጀመሪያው ንግዴ ነበር። ትርፉ ድፎ ዳቦና ሳንቲም ነው፣ ወጪ ደግሞ የለውም፤ አደይን የሚያበቅለው እግዚአብሔር ነው። ታዲያ አደይ የምትመጣው በዓመት አንዴ፣ ለመስከረም ነው። ሠርግ ግን በጥርም አለ፣ ከፋሲካ በኋላም አለ። ሆቴሎቻችን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደጃቸው እንዲያምር ይፈልጋሉ።

የእኔ አበባ ወደ ቤቴ የገባችው በ2008 ሐምሌ ነው። ባሕር ዳር አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ በግቢያቸው ቦይ ዳር ብርቱካናማ አበባ ቀጥ ብላ ቆማ አየሁ። ቅጠሏ እንደ ሣር ረጅም ነው፣ ግራና ቀኝ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። አክስቴ ሦስት እግር ነቅለው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስሟን እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ነው አንድ የሆርቲካልቸር ተማሪ ለተግባር ልምምድ መጥቶ «ይቺ እኮ ዴይሊሊ ናት» ያለኝ። አገሯ ቻይናና ጃፓን ነው። በሳይንስ ስሟ ሄሜሮካሊስ ትባላለች፣ በግሪክ የአንድ ቀን ውበት ማለት ነው አለኝ። ስሟን አስቀድሜ አውቄ ቢሆን ኖሮ አሁን የምነግራችሁ ኀፍረት ባልደረሰብኝ ነበር።

ሦስቱ እግር ሁለት ዓመት ቆዩና በ2010 ሐምሌ ከፈልኳቸው፣ 14 ሆኑ። ውሃ እየጠጡ አደጉ። በ2011 ሚያዝያ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ልትዳር ነው። ሠርጉ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። የዳሱን ማማሪያ አበባ እኔ ላቅርብ ብዬ ቃል ገባሁ፣ 300 ብርም ቀብድ ተቀበልኩ። ጠዋት በጤዛ ቆርጬ በባልዲ ውሃ ይዤ ሄድኩ። አቤት ማማሯ! የሙሽራዋ እናት ስመው አመሰገኑኝ። ሙሽሮቹ ግን የመጡት አመሻሽ ላይ ነው። እነሱ ዳስ ሲገቡ የእኔ አበባ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ ተንጠልጥላለች፣ አንዷም አልቀረች። ቪዲዮ ቀራጩ ሳይቀር ወደዚያ በኩል አላዞረም። ቀብዱን በማግስቱ መለስኩ።

ነገሩ ይኸው ነው፤ አንዷ አበባ ጠዋት ትፈካለች፣ ማታ ትጠወልጋለች። በአንድ አገዳ ላይ ግን አሥርም ከዚያም በላይ እንቡጥ ስላለ በማግስቱ ሌላዋ ትተካለች፤ ደጅ ላይ ለተከላት ሰው ሳምንታት ሙሉ ያበበች ትመስለዋለች። ስለዚህ ተቆርጣ የምትሸጥ አበባ አይደለችም። የሚሸጠው ሥሯ ነው። ይህን ለማወቅ 300 ብርና አንድ ሠርግ ከፈልኩ።

ቤት ውስጥ የነበረውን ሙግት ደግሞ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት። ጓሯችን ሰፊ አይደለም። ጌሾ አለ፣ ጎመን አለ፣ በክረምት የበርበሬ ችግኝ መደብ አለ። አማቴ «አበባ ይበላል ወይ?» አሉኝ። ባለቤቴም የእሳቸውን ቃል ደገመ። እኔም የይዞታ ደብተሩን ከሣጥን አውጥቼ፣ የሁለታችን ፎቶ ጎን ለጎን ያለበትን ገጽ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ምንም አልተናገርኩም። በኋላ የተስማማነው አንድም የጎመን መደብ እንዳይነካ ነው። አበባዋን በአጥሩ ሥር፣ በቦዩ ዳርና በእርከኑ ጠርዝ ተከልኳት፤ ዱሮም ምንም ያልበቀለበት ቦታ ነው። በሁለተኛው ክረምት አማቴ ራሳቸው አዩት፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ የቦዩን ዳር ሲቆርስ የኖረ፣ እሷ በተተከለችበት በኩል አልቆረሰም። ሥሯ እንደ መረብ ነው፣ አፈር ትይዛለች። «ቦዩን ጨርሰሽ ትከዪው» አሉኝ።

ይበላል ወይ ላሉትም መልስ አልጠፋም። ቻይኖች እንቡጧን አድርቀው ወጥ ውስጥ ይጨምሯታል። እኔም በጾም ቀን በሽንኩርትና በዘይት ጠብሼ አቀረብኩ፤ ልጆቼ ፎሶሊያ ትመስላለች አሉ። ነገር ግን አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ ያገኛችሁትን ሊሊ ሁሉ ድስት ውስጥ እንዳትከቱ። ሊሊ የሚባሉት ብዙ ናቸው፣ ሆድ የሚያውኩም የሚመርዙም አሉባቸው። ይቺም ብትሆን በብዛት አትበላም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ።

በ2012 አንድ ሆቴል ለፋሲካ 40 እግር አዘዘኝ። መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን ገባ፤ ሆቴሉ ተዘጋ፣ ሠርግም ቀረ፣ ትእዛዙም ተሰረዘ። በዚያ ሰሞን በሬዲዮ እሰማ ነበር፤ የሆላንድ የአበባ ጨረታ ገበያ ወድቆ፣ አገራችን ያሉት ትልልቆቹ የጽጌረዳ እርሻዎች የቆረጡትን አበባ የሚገዛቸው አጥተው ጣሉት። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በአበባ ንግድ ከኬንያ ቀጥላ ያለች አገር ናት። የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ በቀዝቃዛ መኪና ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ነው የሚሄደው፤ አንድ ቀን ከዘገየ ከስሯል። የእኔ 40 እግር ግን መሬት ውስጥ ናት። ምንም አልሆነችም፣ እንዲያውም ተባዛች። በ2013 ያው ሆቴል ሲከፈት በ40 በ40 ብር ወሰዳት።

2014 ጥሩ ዓመት መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገዛኝ፣ ቡሬና ጂጋ ያሉ ሰዎች ገዙኝ፣ በድምሩ 210 እግር በ60 ብር ሸጥኩ። 12,600 ብር ነው። በእጄ ስቆጥረው ደስ አለኝ፣ ለልጄ ዩኒፎርም ገዛሁ፣ ለአማቴ ነጠላ ገዛሁ። ከዚያ ማኅበራችን ያ የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ሲሰጠን፣ አሠልጣኟ «የራሳችሁን ጉልበት ጻፉ» አለችን። ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን በደብተር ጻፍን። ላስቲክና ጥቁር አፈር 1,450 ብር። ባጃጅና የአውቶቡስ ጭነት 1,900። ለቆፈረልኝ ልጅ 1,600። ደርቀው ለመለስኳቸው 600። ድምሩ 5,550 ነው፣ የቀረልኝ 7,050 ብር። ያጠጣሁበትን፣ ያረምኩበትን፣ ገበያ የዋልኩበትን ቀን ስንደምረው 47 ሙሉ ቀን ሆነ። ልጄ አካፍላ «እማ፣ በቀን 150 ብር ነው» አለችኝ። ለቆፋሪው ልጅ በቀን የከፈልኩት 160 ብር ነበር። በገዛ ጓሮዬ፣ በገዛ አበባዬ፣ ከቀጠርኩት ልጅ 10 ብር አንሼ እሠራ ነበር ማለት ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁጥሮቹን ስመላልስ ዓይኔ ያረፈው ባጃጁ ላይ ነው። ለምንድን ነው ይህን ያህል የከፈልኩት? እያንዳንዷን እግር በላስቲክ ከነአፈሯ ስለምጭናት ነው። አንድ ባጃጅ ከ30 ላስቲክ በላይ አይችልም። ለካ የምጭነው አፈር ኖሯል። አፈር ደግሞ ገዥውም ደጅ አለ።

የዴይሊሊ ሥር ልብ ብላችሁ ካያችሁት ትንንሽ ድንች የመሰለ እብጠት አለው፣ ውሃ የሚያጠራቅምበት ነው። ዘመድነቷም ከእሬት ጋር ነው አሉ፣ ያ ተማሪ እንደነገረኝ፤ እሬት ተነቅሎ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። እኔም ሞከርኩ። ነቀልኩ፣ አፈሩን አራገፍኩ፣ ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርቼ ቆረጥኩ፣ በእርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አኖርኩ። በስምንተኛው ቀን ተከልኳቸው፣ ሁሉም ያዙ። ከዚያ ወዲህ ላስቲክ አልገዛሁም። መቶ እግር በአንድ ከረጢት ይገባል፣ ከረጢቱን ሴት ልጅ ትሸከመዋለች። የውጭ አገር ዴይሊሊ ሻጮችም በፖስታ የሚልኩት እንዲሁ ራቁት ሥሩን መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው፤ እንደ እኔ አፈር ሲጭኑ ጀምረው ይሆን?

ሌላም ነገር ቀየርኩ። ሥሩን ሰጥቼ መሄዴን ተውኩና ራሴ እየተከልኩ፣ በወሩ ተመልሼ የሞተውን በነጻ እየተካሁ በ70 ብር ማስከፈል ጀመርኩ። እስከ 2015 ሐምሌ ባለው ዓመት 260 እግር፣ 18,200 ብር ሸጥኩ። ወጪው 3,400 ብር፣ ቀኑ 40 ነው። የቀረው 14,800 ብር፣ በቀን 370 ሆነ። ይህን ገንዘብ ለብቻዬ በከፈትኩት የቁጠባ ደብተር አስገባሁት። ባለቤቴ ደብተሩን ያውቃል፤ ሲቸግረን አወጣለሁ፣ ግን ጠይቆኝ ነው።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልልም፣ እዚህ ያለነው ሁላችን ኖረነዋል፣ ሐዘን ያልገባበት ቤትም ጥቂት ነው። ስለ አበባዋ ብቻ ልበል። ለባሕር ዳር 180 እግር ነቅዬ በከረጢት አዘጋጅቼ ነበር። መንገድ ተዘጋ። የሞባይል ኢንተርኔትም ስለተቋረጠ ፎቶ ልኮ ሌላ ገዥ መፈለግ አልተቻለም። ከረጢቶቹ ጎተራው ሥር 12 ቀን ቆዩ። ሲረጋጋ ወጥቼ መልሼ ተከልኳቸው። ሠላሳ ያህሉ በሰበሱ፣ የቀሩት ተረፉ። ገዥው ግን አልተመለሰም።

አሁን ለብድሩ ልናገር፣ በተለይ ደጋፊዎቻችን ይስሙኝ።

በ2013 አርባ እግር የሸጥኩለት ሆቴል በድጋሚ ይገዛኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በደጁ ሳልፍ ግቢው ዙሪያውን በዚያችው አበባ ተሞልቷል። አትክልተኛው ከፍሎ ከፍሎ አባዝቷታል። ጭራሽ በር ላይ ቁጭ ብሎ በ30 ብር ይሸጣል። በጣም ነበር የተናደድኩት፤ ሌባ ልለው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሰውየው ምን አጠፋ? እኔስ ከአክስቴ ሦስት እግር ወስጄ አይደል የጀመርኩት? ይቺ አበባ በሸጥኳት ቁጥር ተፎካካሪዬንም አብሬ ነው የምሸጠው። በርበሬ ተበልቶ ያልቃል፣ ገዥ ይመለሳል። ዴይሊሊ አያልቅም።

እንግዲህ ቁጠሩ። እዚህ አዳራሽ 60 ሴቶች ነን። ሁላችንም ተበድረን በዓመት ሁለት ሁለት መቶ እግር ብናወጣ 12,000 እግር ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ደጁን በአበባ የሚያስጌጥ ሆቴል፣ ትምህርት ቤትና ባንክ በጣት ይቆጠራል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ተክለዋል። የተረፈውን እርስ በርሳችን ልንሸጥ ነው? ብድሩ ግን ይከፈላል፣ ወለዱም ይቆጠራል። በሪፖርት ላይ «60 ሴቶች አበባ አምራች ሆኑ» ተብሎ ቢጻፍ ጥሩ ይመስላል፣ ይገባኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ዕዳ የቀረባት እህታችን ናት ደጃችን የምትመጣው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለአበባ ሥር መግዣ ብድር አይሰጥ። ሥሩን እኔ በነጻ እሰጣለሁ። ከልባቸው አበባ ለሚወዱ፣ ለገበያ ቅርብ ለሆኑና ውሃ ላላቸው አምስት ስድስት ሴቶች አምስት አምስት እግር እሰጣለሁ፤ እያንዳንዷም በሦስተኛው ዓመት አሥር እግር ለሌላ አባል ትመልሳለች። የርቢ ከብት እንደምንሰጣጠው ማለት ነው። ቀለሙም ይለያይ። እኔ ያለኝ ብርቱካናማው ብቻ ነው፣ ቢጫና ቀይ ያለው ሰው ስታገኙ በልዋጭ አምጡ።

ብድሩ ለውሃ ይዋል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በጀሪካን ከምንጭ እያመላለስን አበባም ጎመንም አናሳድግም። የጉድጓድ መቆፈሪያና የገመድ ፓምፕ ለሦስት ለአራት ጎረቤታሞች በጋራ ቢሰጥ፣ አንዷ አበባ፣ አንዷ የበርበሬ ችግኝ፣ አንዷ ሽንኩርት ታለማበታለች። በርበሬ ለሚያውቅ የቡሬና የጃቢ ጠህናን ሰው የበርበሬ ችግኝ ከአበባ ይሻላል፣ እኔም ግንቦትና ሰኔ ላይ ይበልጥ የማገኘው ከእሱ ነው። ያ የአጠውልግ በሽታ በመጣ ዓመት ግን ምንም የለም፤ ያኔ አበባዋ ደገፈችኝ። ሁለቱንም ይዤ ነው የቆየሁት።

ለማኅበሩ ደግሞ አንድ ሥራ አለ፣ እኛ ለየብቻ የማንችለው። አሁን ከተሞች የኮሪደር ልማት እያሉ መንገድ ዳር አበባ ይተክላሉ። እንዲህ ያለው ትልቅ ገዥ ከአንዲት ሴት ጓሮ ሃምሳ እግር አይገዛም፤ በብዛት ይፈልጋል፣ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ባለፈው ዓመት አንድ ጥሩ ትእዛዝ በደረሰኝ ምክንያት አልፎኛል። ኮሚቴው በማኅበሩ ስም ፈቃድ ቢያወጣ ከስድስት ጓሮ ሰብስበን አንድ ላይ እናቀርባለን። ክፍያው ለተሰበሰበበት ጓሮ ባለቤት፣ በስሟ ባለው ደብተር ይግባ፤ ይህ በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍልኝ።

እትዬ ሰብሳቢ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ድምፅ ስትሰጡ እኔን አትዩ፣ የየራሳችሁን ጓሮና ውሃ አስቡ።

ሥር የምትፈልጉ ሐምሌ አቦ ባለፈ ማግስት ቤቴ ኑ። ዝናቡ መሬቱን ስላራሰው ለመክፈል ይመቻል። ዶማና የማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ ኑ። ላስቲክ እንዳታመጡ።